ደንብ ያልነበረው የደንብ ልብስ፦ የሄርማን ጎሪንግ ሕይወትና የቅርሶቹ እውነተኛነት

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጀርመን የደንብ ልብሶች የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ የቆየ መመዘኛ አላቸው። የኮሌታው ጥልፍ፣ የትከሻው ማዕረግ፣ በደረት ላይ የተሰፋው ንስር ሠራዊቱ በጊዜው ካወጣው የአለባበስ ደንብ ጋር ይመሳከራል። ቀለሙ፣ መጠኑ ወይም የተሰፋበት ቦታ ከደንቡ ከወጣ ልብሱ በጥርጣሬ ይታያል። ይህ መመዘኛ አንድ ሰው ዘንድ ሲደርስ ግን አይሠራም። የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የነበረው ሄርማን ጎሪንግ የሚለብሰውን ራሱ የሚመርጥ፣ አርማውን እንደ ፍላጎቱ የሚያሠራ፣ በመጨረሻም ከእሱ በቀር ማንም ያልያዘውን ማዕረግ የተሸከመ ሰው ነበር። ልብሱ የሚመሳከርበት ደንብ የራሱ ፈቃድ ነበር።

ከሞተ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም የእሱ እንደሆኑ የሚነገርላቸው ልብሶች፣ ኒሻኖች፣ ጩቤዎችና የብር ዕቃዎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ክሩንና ጨርቁን መመርመር ያስፈልጋል፤ ያ ብቻ ግን አይበቃም። የሰውየውን ሕይወት ማወቅም ግድ ይላል።

ጎሪንግ የተወለደው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1893 በደቡብ ጀርመን ሮዘንሃይም ከተማ ነው። አባቱ ሃይንሪሽ ጎሪንግ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው፣ በዚያን ጊዜ የጀርመን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል በነበረችው አገር የመጀመሪያው የጀርመን መንግሥት ኮሚሽነር ነበር። በ1885 ከሄሬሮዎቹ አለቃ ከማሃሬሮ ጋር የጥበቃ ውል የተፈራረመውም እሱ ነው። ውሉ የጥበቃ ይባል እንጂ ለቅኝ አገዛዝ በር የከፈተ ነበር፤ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ቆይቶ የጀርመን ጦር በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የዘር ማጥፋት ፈጽሟል። ሄርማን ሲወለድ አባቱ በሄይቲ ቆንስል ሆኖ ይሠራ ስለነበር እናቱ ሕፃኑን በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ለወዳጅ ቤተሰብ ትታ ወደ ባሏ ሄደች። ልጁ እናቱን ዳግም ያያት ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በልጅነቱ አባቱ የሰጠውን የደቡብ አፍሪካ ቦር ተዋጊዎች ልብስ ለብሶ ወታደር መስሎ መጫወት ይወድ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ያነሣሉ።

ከአባቱ ይልቅ በልጁ ላይ አሻራውን የተወው የክርስትና አባቱ ሄርማን ፎን ኤፐንሽታይን ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሰው ባለጸጋ ሐኪም፣ በአባቱ በኩል የአይሁድ ዝርያ ያለው፣ የጎሪንግ እናትም ወዳጅ ነበር። ቤተሰቡን በኑረምበርግ አቅራቢያ በሚገኘው የፌልደንሽታይን ግንብ አስቀምጧቸው ነበር፤ በኦስትሪያም ማውተርንዶርፍ የሚባል ሌላ ግንብ ነበረው። በእነዚህ ግንቦች ውስጥ እንደ ጥንት መስፍን በሥርዓትና በድምቀት ይኖር ነበር። ልብስና ሥነ ሥርዓት ሰውን ጌታ እንደሚያስመስሉ ጎሪንግ መጀመሪያ ያየው እዚህ ነው ብሎ መገመት አያስቸግርም። ኋላ አይሁዳውያንን ከጀርመን ሕይወት ለማስወገድ ከተሰለፉት ግንባር ቀደሞች አንዱ የሆነው ሰው በእንዲህ ያለ ቤት ማደጉ ከታሪኩ አስገራሚ ገጾች አንዱ ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የእግረኛ ጦር መኮንን ነበር። በቁርጥማት ታሞ ሆስፒታል ሳለ ወዳጁ ብሩኖ ሎርትሰር ወደ አየር ክፍል እንዲዛወር ገፋፋው። ማመልከቻው ውድቅ ሲደረግበት ያለ ፈቃድ ራሱን አዛውሮ በወዳጁ አውሮፕላን ላይ ቃኝ ሆነ። ለዚህም የሦስት ሳምንት የግዞት ቅጣት ተወሰነበት፤ ቅጣቱን ግን አልፈጸመም። ደንብ ለሌሎች እንጂ ለእሱ እንዳልወጣ የቆጠረው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያገኘው የአብራሪነት ክብር ግን የተፈበረከ አልነበረም። ተዋጊ አብራሪ ሆኖ 22 የጠላት አውሮፕላኖችን እንደጣለ ተመዘገበለት። በ1918 የፕሩሲያን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን፣ ፑር ለ ሜሪት የሚባለውን ሰማያዊ መስቀል ተሸለመ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ደግሞ ቀይ ባሮን በሚል ስም የሚታወቀው ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈን ከመሞቱ በፊት ይመራው የነበረውን የተዋጊ አውሮፕላን ጓድ እንዲያዝ ተሾመ። ኋላ ደረቱን ከሞሉት ኒሻኖች መካከል በገዛ ሕይወቱ ተወራርዶ ያገኘው ይህን መስቀል ነው ማለት ይቻላል።

ጦርነቱ ሲያበቃ በስዊድን በአብራሪነት ሠራ፤ እዚያ ያገኛትን ካሪንን አገባ። በ1922 ሙኒክ ውስጥ ከአዶልፍ ሂትለር ጋር ተዋወቀ፤ የፓርቲውን የጎዳና ታጣቂዎችም መራ። በኅዳር 1923 የከሸፈው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ላይ ክፉኛ ቆሰለ። ለሕመሙ ማስታገሻ የተሰጠው ሞርፊን ሱስ ሆነበት፤ በ1925 ስዊድን ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እስከመታሰር አድርሶታል። ምሕረት ሲወጣ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1928 የፓርላማ አባል፣ በ1932 የፓርላማው ፕሬዝዳንት ሆነ።

ሳቅ የጋረደው ሥልጣን

ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ጎሪንግ ሹመትን እንደ ኒሻን ይደራርብ ጀመር። የፕሩሲያ አገር ውስጥ ሚኒስትር፣ የአየር ኃይል አዛዥ፣ የምጣኔ ሀብት ዕቅድ ኃላፊ፣ የአገሪቱ የአደን ሹም ሆነ። ለእያንዳንዱ ሹመት ልብስ ነበረው። ለአደን የሚለብሰው ከቆዳና ከአረንጓዴ ጨርቅ የተሠራ፣ በመታጠቂያው ላይ ትልቅ ጩቤ ያለበት ነበር፤ በበጋ ነጭ የደንብ ልብስ ይለብሳል። በሟች ሚስቱ ስም ካሪንሃል ብሎ በሰየመው ከበርሊን በስተሰሜን ባለው የደን ውስጥ መኖሪያው ደግሞ እንግዶቹን በቀን ብዙ ጊዜ ልብስ እየለወጠ ይቀበል ነበር። በጣቶቹ ላይ ትላልቅ ቀለበቶች ይታዩ ነበር። ጀርመናውያን ገላውን ሲታጠብ እንኳ ሜዳዮቹን አያወልቅም እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም ቀልዱን እንደ ተወዳጅነት ይቆጥረው ነበር።

ቀልዱ አደገኛ ነበር። በዚያ አስቂኝ ልብስ ውስጥ የነበረው ሰው ጌስታፖ የተባለውን የምስጢር ፖሊስ ያቋቋመ፣ የመጀመሪያዎቹን የማጎሪያ ካምፖች ያስከፈተ ነበር። በኅዳር 1938 የአይሁዳውያን ሱቆችና ምኩራቦች በአንድ ሌሊት ሲቃጠሉና ሲዘረፉ፣ ጉዳቱን የደረሰባቸው አይሁዳውያን ራሳቸው አንድ ቢሊዮን ማርክ እንዲከፍሉ የወሰነው እሱ ነው። በሐምሌ 1941 ለራይንሃርድ ሃይድሪሽ ናዚዎች የአይሁድ ጥያቄ ይሉት ለነበረው ጉዳይ አጠቃላይ መፍትሔ እንዲያዘጋጅ ሥልጣን የሰጠው ደብዳቤም የጎሪንግ ፊርማ አለበት። ያ ደብዳቤ ወደ ሚሊዮኖች እልቂት የመራው መንገድ አካል ነው። ስለ ኮሌታ ጥልፉ የሚጨነቅ ሰብሳቢ ይህን ፊርማ ከዓይኑ እንዳያርቅ ያስፈልጋል።

ማዕረግ ያለ አምሳያ

ፈረንሳይ በተሸነፈችበት በ1940 በጋ ሂትለር ለጎሪንግ አንድ ማዕረግ ፈጠረለት፤ ራይሽስማርሻል ተባለ። በዚያ መንግሥት ታሪክ ማዕረጉን የያዘ ሌላ ሰው የለም። የብረት መስቀል ኒሻን ከፍተኛ ደረጃ የሆነው ታላቁ መስቀልም በዚያ ጦርነት ለእሱ ብቻ ተሰጠ። አዲስ ማዕረግ አዲስ ልብስ ጠየቀ፤ ከአየር ኃይሉ ሰማያዊ የተለየ፣ እንደ ርግብ ላባ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ልብስ ተሰፋለት። በኮሌታው ላይ የተጣመሩ ሁለት የማርሻል በትሮች በወርቅ ክር ተጠለፉ። በእጁም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ፣ በወርቅ፣ በፕላቲነምና በአልማዝ ያጌጠ በትር ያዘ።

የምልክት ረሃቡ ግን አልጠገበም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመንና ጣሊያን የጦር ቃል ኪዳን ሲፈራረሙ፣ የጣሊያን ቤተ መንግሥት ታላቁን የአኑንሲያታ ኒሻን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሪበንትሮፕ ሰጥቶ ነበር። ጎሪንግ ይህን ባየ ጊዜ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ የጣሊያኑ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቻኖ በማስታወሻው መዝግቧል። በ1940 ለእሱም ተሰጠውና ቁጣው በረደ። ኒሻኑ የሚሰጠው በንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ ስም ነበር፤ እኒህ ንጉሥ በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በጣሊያን ወረራ ሥር ስለነበረች የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚል ማዕረግ በራሳቸው ላይ ደርበው ነበር። ኒሻኑን ሰጪውም ተቀባዩም የማይገባቸውን ማዕረግ የተሸከሙ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታላቁን መስቀል በተመለከተ የቅርስ መርማሪዎችን የሚያስቸግር ታሪክ አለ። የመጀመሪያው ኒሻን የበርሊን ቤቱ በአየር ሲደበደብ እንደጠፋ ይነገራል። ጎሪንግ ተጨማሪ ቅጂዎችን አሠርቶ ነበር፤ የአንደኛው ጠርዝ ፕላቲነም ነው። የኒሻኑ ጠርዝ በደንቡ መሠረት ብር መሆን ነበረበት። እንግዲህ በደንብ ብቻ የሚፈርድ መርማሪ ብር ጠርዝ ያለውን ማንኛውንም አስመስሎ ሥራ ተቀብሎ፣ ባለቤቱ ራሱ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሊጥለው ይችላል።

ይህ ችግር በተራው መኮንን ልብስም ላይ በመጠኑ ይታያል። የጀርመን መኮንኖች የደንብ ልብሳቸውን በራሳቸው ገንዘብ ከግል ልብስ ሰፊዎች ያሰፉ ነበር። ልብስ ሰፊው የተሻለ ጨርቅ፣ ረዘም ያለ ኮሌታ፣ በማሽን ከተሸመነው ይልቅ በእጅ የተጠለፈ ንስር ሊያደርግበት ይችላል። በእጅ የተጠለፉ ሁለት ንስሮች ደግሞ ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። ስለዚህ ከደንብ መውጣት ብቻውን የሐሰት ማስረጃ አይደለም። ከደንብ ጋር መስማማትም የእውነት ማስረጃ አይሆንም፤ አስመስሎ የሚሠራ ሰውም ደንቡን ያነባል።

የቬርሜርን ሥዕል የገዛ መስሎት

ጎሪንግ ከልብስና ከኒሻን ሌላ ሥዕል ይሰበስብ ነበር፤ መሰብሰብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ መዝረፍ ነበር። በጀርመን በተያዘችው ፓሪስ ከአይሁዳውያን ቤተሰቦች የተነጠቁ ሥዕሎች ዡ ደ ፖም በተባለው ሕንጻ ይከማቹ ነበር፤ ጎሪንግ በተደጋጋሚ እየሄደ የወደደውን ያስጭን ነበር። ስብስቡ ከአንድ ሺህ በላይ ሥዕሎችን ይዞ ነበር። ከሁሉም የሚኮራበት ግን የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድስ ሠዓሊ የዮሐንስ ቬርሜር ሥራ ነው የተባለው ሥዕል ነበር፤ ክርስቶስን ከአመንዝራዋ ሴት ጋር ያሳያል። ለዚህ አንድ ሥዕል ከስብስቡ 137 ሥዕሎችን ለውጦ እንደሰጠ ይነገራል።

ሥዕሉ የተሠራው ግን በሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ሸራ ላይ በሃን ፋን ሜግረን እጅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይህ ኔዘርላንዳዊ የአገሩን ቅርስ ለጠላት ሸጠሃል ተብሎ ሲታሰር፣ ሥዕሉ የራሱ ሥራ መሆኑን ተናዘዘ። ስላላመኑት በምስክሮች ፊት ሌላ ሥዕል በቬርሜር አሣሣል ሠራ። መርማሪዎችም ሥዕሉ ውስጥ በቬርሜር ዘመን ያልነበረ ኮባልት ሰማያዊ ቀለም አገኙ። ሸራው አሮጌ፣ ቀለሙ አዲስ ነበር። የቆየ የጀርመን ልብስ ላይ አዲስ የኮሌታ ጥልፍ የሚሰፉ ሰዎች ዘዴ ከዚህ አይለይም፤ ገበሩም፣ አዝራሩም፣ የሰፊው ምልክትም እውነተኛ ሆነው ዋጋውን አሥር እጥፍ የሚያደርገው ጥልፍ ብቻ ሐሰት ይሆናል።

በጦርነቱ የጎሪንግ አየር ኃይል በብሪታንያ ሰማይ ከሸፈ። በስታሊንግራድ ለተከበበው ጦር በአየር ስንቅ አደርሳለሁ ብሎ የገባው ቃልም ለወታደሮቹ ሞት ሆነባቸው። በሚያዝያ 1945 ካሪንሃልን በፈንጂ አስነስቶ ወደ ደቡብ ሸሸ። ሂትለር ከሥልጣኑ አነሳው፤ በግንቦት ለአሜሪካ ጦር እጁን ሰጠ። በመጀመሪያዎቹ የምርኮ ቀናት በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ኒሻኖቹን እንዳንጠለጠለ ይታያል። ብዙ ሻንጣና በሺህ የሚቆጠር የመድኃኒት ክኒን ይዞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በትሩ፣ ኒሻኖቹና የማዕረግ ምልክቶቹ ተወሰዱበት።

በኑረምበርግ ችሎት ከኅዳር 1945 ጀምሮ የቀረበው ያንኑ ፈዛዛ ግራጫ ልብስ ለብሶ ነው፤ ነገር ግን ኮሌታው ባዶ፣ ትከሻው ባዶ፣ ደረቱ ባዶ ነበር። ከስቶና ከሱሱ ተላቆ ስለነበር ልብሱ ሰፍቶት ይታያል። በተከሰሰባቸው በአራቱም ወንጀሎች ጥፋተኛ ተብሎ ስቅላት ተፈረደበት። በጥቅምት 1946፣ ሊሰቀል ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ በክፍሉ ውስጥ ሳያናይድ ውጦ ሞተ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ሙኒክ አጠገብ ውኃ ላይ ተበተነ፤ መቃብር የለውም።

መቃብር የሌለው ሰው በቅርስ ገበያ ላይ ግን ቀረ። ድል አድራጊ ወታደሮች ከቤቶቹና ከባቡሩ ያገኙትን ለመታሰቢያ ወስደው ነበር፤ ከዚህ እውነተኛ ዝርፊያ ጎን ሐሰተኛው በቀለ። በ1957 ምዕራብ ጀርመን የጦርነቱ ኒሻኖች የናዚው መስቀል ተነሥቶላቸው እንዲደረጉ ፈቀደች፤ ከጦርነቱ በፊት ኒሻን ይሠሩ የነበሩ አንዳንድ ድርጅቶችም እንደገና መሥራት ጀመሩ። በዚህ የተነሣ የአሠራር ጥራት ብቻውን ዘመንን አይነግርም።

መርማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ጨርቅን፣ ክርንና ወረቀትን የሚያነጡ ኬሚካሎች በስፋት ሥራ ላይ የዋሉት ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ፣ በዚህ ብርሃን ደምቆ የሚያበራ ክር ያስጠረጥራል። ጥንቃቄም ይጠይቃል፤ እውነተኛ ልብስ በዘመናዊ ሳሙና ታጥቦ ከሆነ እሱም ያበራል። ክሩ በእሳት ሲለኮስ እንደ ጥጥና እንደ ሱፍ አመድ ከመሆን ይልቅ እንደ ፕላስቲክ ከቀለጠ ግን ክርክሩ አጭር ነው። ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ከአርማው ይልቅ ከአርማው ሥር ያለውን ያያል። ለዓመታት የተሰፋ አርማ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ከፀሐይ ስለሚከልለው ጥላው ይቀራል። ጥላው ከአርማው ቅርጽ ጋር ካልተገጣጠመ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ሌላ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። እንደ ጎሪንግ ያለ በየቀኑ ፎቶግራፍ ይነሣ የነበረ ሰው ሲሆን ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ፦ በእጅ የተጠለፈውን የኮሌታ ጥልፍ፣ እያንዳንዱን የወርቅ ክር አካሄድ ከዘመኑ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ጋር ማስተያየት። ደንብ በሌለበት ፎቶግራፍ ደንብ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚያልፍ ማጭበርበሪያም አለ፤ ዕቃው ሳይነካ ወረቀቱ ሲፈበረክ። ኮንራድ ኩያው የተባለ ጀርመናዊ ከምሥራቅ ጀርመን የሚገቡ የጦርነት ቅርሶችን ይሸጥ ነበር፤ ተራውን ዕቃ የታዋቂ ሰው ነበር የሚል ሐሰተኛ ማረጋገጫ እየጻፈ ዋጋውን ይሰቅለው ነበር። የሽተርን መጽሔት ጋዜጠኛ ጌርድ ሃይደማን በበኩሉ በ1973 ካሪን ሁለት የተባለችውን የጎሪንግን የመዝናኛ ጀልባ ገዝቶ በናዚ ቅርሶች ፍቅር ተነድፎ ነበር። በዚህ መንገድ ወደ ሰብሳቢዎቹ ዓለም ገብቶ ኩያው በጻፋቸው የሂትለር የዕለት ማስታወሻዎች ወጥመድ ወደቀ። መጽሔቱ ከዘጠኝ ሚሊዮን ማርክ በላይ ከፍሎ በሚያዝያ 1983 ይፋ አደረጋቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐሰተኛ መሆናቸው ታወቀ፤ ወረቀቱ በአልትራቫዮሌት ብርሃን አበራ፣ በጥራዙ ውስጥም ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ሰው ሠራሽ ክር ተገኘ። ሁለቱም ከአራት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባቸው። ኩያው የፈጠረው ሂትለር ስለ አይሁዳውያን እልቂት እምብዛም የማያውቅ ለስላሳ ሰው ነበር። የዚህ ገበያ ከባዱ አደጋ ይህ ነው፤ የተታለለ ገዥ የሚከስረው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይተካከልም።

ጥያቄ የማይነሣባቸው የጎሪንግ ዕቃዎች ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተሻገሩ በሰነድ የሚታወቁት ናቸው። የራይሽስማርሻልነቱ በትር በአሜሪካ ዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ሙዚየም ይገኛል። በኑረምበርግ እስረኞችን ያክም የነበረ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ያስቀመጣቸው ዕቃዎች ደግሞ በሰኔ 2016 ሙኒክ ውስጥ ለጨረታ ቀርበው ነበር። ከመካከላቸው የጎሪንግ የሐር የውስጥ ልብስና መርዙ የነበረበት የነሐስ ማኅደር ይገኙበታል። የጀርመን አይሁዳውያን ማዕከላዊ ምክር ቤት ሽያጩን አጥብቆ ተቃወመ። በጀርመን ሕግ የናዚ ምልክት ለሕዝብ ማሳየት ወንጀል በመሆኑ በእንዲህ ያሉ ጨረታዎች ላይ ምልክቱ ይሸፈናል፤ ገዥውም ዕቃውን የሚፈልገው ለጥናት ወይም ለትምህርት መሆኑን ፈርሞ ይረከባል።